ደንግጦ የሞተው ማሳ

ያቺ አገር ስም ነበራት። ነገር ግን ስም በተጠራ ቁጥር ያልቃል የሚል ሕግ ስለነበራት ስሟን በሣጥን ቆልፋ ታስቀምጠው ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በንጉሡ የዘውድ በዓል ዕለት፣ አንድ ሹም ሣጥኑን ከፍቶ ስሙን ቀስ አድርጎ ይጠራና መልሶ ይቆልፍበታል። ያን ዕለት ሹሙን ጉንፋን ከያዘው ሕዝቡ ምንም ሳይሰማ ይበተናል። እኔም ካልሰሙት ወገን ነኝ፤ ስለዚህ «ያቺ አገር» እያልኩ እቀጥላለሁ። የምታውቋት ከመሰላችሁ ዕዳው የእናንተ ነው።

በዚያች አገር ትንፋሽ ያለው ሁሉ ለንጉሡ ይምላል። ሰው እጁን ዘርግቶ ይምላል። በሬ ቀንዱን ተይዞ ፊቱን ወደ ቤተ መንግሥቱ ያዞራል። ዶሮ ክንፏን ሰው ያነሣላታል። ንቦች ብዙ ስለሆኑ ከየቀፎው አንዲት ወኪል ይልካሉ፤ ወኪሏ የመሐላውን ሹም ነድፋ እዚያው ትሞታለች፣ ይህም እንደ ፊርማ ይቆጠርላታል። የድመቶች ጉዳይ ብቻ እስካሁን በቀጠሮ ላይ ነው። ያልማለ ፍጡር ከተገኘ ወይ እንዲምል ይደረጋል፣ ወይ እንደ አመፀኛ ይቀጣል። ሌላ መንገድ የለም።

አልጋነሽ በዚያች አገር አፈር የምታጠና ሴት ነበረች። ለዚህ ሥራ የመደቧት ንጉሡ ራሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱም እርሻው ከዓመት ወደ ዓመት እየከሳ ሄዶ የቤተ መንግሥቱ እንጀራ እንኳ ዓይኑ እየጠፋ ነበር። ገበሬው እንደ ደንቡ ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል። ማሳ ንጹሕ ሆኖ መታየት አለበት ስለሚባል ገለባውን አንድም ሳያስቀር ያቃጥላል። ከዚያም ማዳበሪያ ነው ተብሎ ከንጉሡ ግምጃ ቤት የሚታደለውን ነጭ ዱቄት ይበትንበታል። ዱቄቱ በየዓመቱ ይጨምራል፣ እህሉ በየዓመቱ ይቀንሳል፤ ሹማምንቱም ይህን አይተው «ዱቄቱ አንሶ ነው» ይላሉ።

አልጋነሽ ከየማሳው አፈር እየዘገነች ታመጣና በወንፊት ላይ ዘርግታ ከላይ መብራት ታበራበታለች። ሙቀቱን የሸሹት ጥቃቅን ፍጥረቶች ሽቅብ መውጣት አይችሉምና ከታች ወዳለው ብርጭቆ ይወርዳሉ። እሷም በአጉሊ መነጽር ጎንበስ ብላ ታያቸዋለች። ባለ ብዙ እግር አለ፣ እግር የሌለው አለ፣ ዘሎ የሚጠፋ አለ፣ ከዚያ ሁሉ በታች ደግሞ ከአንዱ ተክል ሥር ወደ ሌላው እንደ ድር የተዘረጋ ነጭ ሻጋታ አለ፤ ውሃና ምግብ ከሥር ወደ ሥር ያቀብላል። እሷ ይህን ስታይ ምሳዋን ትረሳለች። ላግባሽ ብሎ የመጣ አንድ ደኅና ሰው ብርጭቆውን ውሃ መስሎት ሊጠጣ ሲል ጮኻበት፣ በዚያው ቀርቷል።

ይህን ፍቅር ያሳደሩባት ያሳደጓት አክስቷ፣ እትዬ ይርገዱ ናቸው። እርጥቤ በሚባል ቀበሌ አንድ ማሳ አላቸው፤ ሌላ ምንም የላቸውም። ባቄላና ስንዴ ቀላቅለው ይዘራሉ፣ ፍግ ይበትናሉ። ገለባ አቃጥሉ ሲባሉ ሁልጊዜ ክብሪት ይጠፋባቸዋል። ነጩን ዱቄት ደግሞ አመስግነው ይቀበሉና የቤታቸውን ግድግዳ ይለስኑበታል። የእርጥቤ አፈር ጥቁርና ልስልስ ነበር፤ ሲዘግኑት የዝናብ ሽታ ይሸታል። አልጋነሽ አገሩን ሁሉ ዞራ እንደዚያ ያለ አላገኘችም።

አንድ ቀን ንጉሡ ፊት ቀርባ ያጠናችውን እንድታስረዳ ተፈቀደላት። ያሰበችው ቀላል ነበር፤ ገለባው አይቃጠል፣ እርሻው ይቀነስ፣ አፈሩ ራቁቱን አይዋል ልትል ነው። ነገር ግን ንግግር ማሳመር አማራትና ከመጨረሻው ጀመረች።

«ንጉሥ ሆይ፣ አፈሩ የደከመው ነዋሪዎቹን ስለጨረስንበት ነው። የበሰበሰውን ወደ ምግብ የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ጤነኛ አፈር አንድ እፍኝ ቢዘግኑ፣ በውስጡ ከርስዎ ሕዝብ ሁሉ የበለጠ ነፍስ አለ።»

ማራገቢያ የያዙት እንኳ ማራገባቸውን ተዉ።

«ከእኔ ሕዝብ የበለጠ?» አሉ ንጉሡ።

«አዎ፣ ንጉሥ ሆይ።»

«በእኔ መሬት ውስጥ?»

«አዎ።»

ንጉሡ ወደ መሐላው ሹም ወደ ብላታ ጓንጉል ዞሩ። «ምለዋል?»

ብላታ ጓንጉል ላባቸውን ጠረጉ። «አልማሉም፣ ንጉሥ ሆይ» አሉ። ስለ ገለባው ማንም አልጠየቃትም፤ አልጋነሽ አፏን እንደከፈተች ከአዳራሹ አስወጧት።

በማግስቱ ብላታ ጓንጉል የከርሰ ምድር ገዥ ተብለው ተሾሙ። ሹም በግዛቱ ውስጥ መቀመጥ አለበት ስለሚል ሕጉ፣ በቤተ መንግሥቱ ጓሮ ጉድጓድ ተቆፈረላቸውና እስከ ወገባቸው ገብተው፣ ጥላ ተይዞላቸው ችሎት ይቀመጡ ጀመር። ከወገባቸው በላይ ተራ ብላታ ናቸው፣ ከወገባቸው በታች ገዥ። እጅ የሚነሣ ሰው ለየትኛው ግማሽ እጅ እንደሚነሣ ግራ ይገባው ነበር። ቀጥሎ አዋጅ ነጋሪዎች በየማሳው ተሰማሩ፤ በሆዳቸው ተኝተው፣ አፋቸውን መሬት ላይ ደፍተው የመሐላውን ቃል በየጉድጓዱ ጮኹበት። ከአፈሩ መልስ አልመጣም።

ይህ ዝምታ ምን እንደሆነ ለመወሰን ጉባኤ ተጠራ። አንደኛው ሊቅ ዝም ያለ ተስማምቷል አሉ። ሁለተኛው ሊቅ «የእኔ ባለቤት ዝም ስትል መስማማቷ አይደለም» አሉ። ይህን ሁሉም በየቤቱ ያውቀው ስለነበር ጉባኤው እዚያ ላይ ቆመ። በመጨረሻ አልጋነሽ ተጠራች።

እሷም ሞኝ፣ ደስ አላት። ቢያንስ አፈሩን ጎንበስ ብለው ሊያዩት ነው ብላ አሰበች። «ቀላል መፈተኛ አለኝ» አለቻቸው። «አዲስ የጥጥ ጨርቅ ቅበሩ። አፈሩ ሕያው ከሆነ ይበላዋል፤ ከክረምቱ በኋላ ስታወጡት ክር ብቻ ታገኛላችሁ። አፈሩ የሞተ ከሆነ ግን ጨርቁ እንደገባ ይወጣል።»

ብላታ ጓንጉል ከጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው አጨበጨቡ። «ድንቅ ነው! ታዲያ ለምን ተራ ጨርቅ? የንጉሡን ሰንደቅ እንቅበር። ታማኝ የሆነ አይነካውም።»

«ብላታ፣ እንደዚያ አይደለም» ብላ ጀመረች።

«አንቺ ሥራሽን ጨርሰሻል፣ የኔ ልጅ።»

በየማሳው የንጉሡ ሰንደቅ ተቀበረ። ሰንደቁ ነጭ ጥጥ ነው፤ የንጉሡ ፊት በጥጥ ክር፣ ዘውዳቸውና ጢማቸው በወርቅ ክር ተጠልፎበታል። ክረምቱ ወጣና ሰንደቆቹን የማውጣት በዓል ሆነ። በመጀመሪያ የቤተ መንግሥቱ ሰፊ እርሻ ተቆፈረ። ያ እርሻ ከማንም ይበልጥ የታረሰ፣ የተቃጠለና ዱቄት የጠገበ ነበር። ሰንደቁ ትናንት ከሳጥን እንደወጣ ሆኖ ተገኘ። መለከት ተነፋ፣ ለአፈሩም የታማኝነት ኒሻን ተሸለመ፤ ደረት ስላልነበረው ኒሻኑን እንጨት ላይ ሰቅለው መሀል ማሳው ላይ ተከሉለት። ከዚያ ወደ እርጥቤ ሄዱ። የእትዬ ይርገዱ ማሳ ሲቆፈር ከሰንደቁ የተረፈው ዘውድና ጢም ብቻ ነበር። በመካከላቸው ፊት የለም።

ብላታ ጓንጉል ክሱን ማሳው ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ፍርዱ ብዙ አልቆየም፤ ያመፀው አፈር እስኪረጋጋ ድረስ ይቀቀል ተባለ። የሠራዊቱ ትላልቅ ብረት ድስቶች ከየጦር ሰፈሩ እንዲሰበሰቡ ታዘዘ። ከእርጥቤ በኋላ ተራው እንደ እርጥቤ ሰንደቁን የበላው አፈር ሁሉ ይሆናል።

አልጋነሽ እየሮጠች እርጥቤ ስትደርስ አክስቷ ከማሳው ዳር ቁጭ ብለዋል። ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«ላድነው ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«አድኚልኝ ብዬሻለሁ? ዝም ብሎ ሥራውን የሚሠራውን! ሰው አይቶት የማያውቀውን አንቺ ሄደሽ ለንጉሥ ታወሪያለሽ?»

አልጋነሽ እንደ ልጅነቷ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ከተቀቀለ በኋላ ይመለሳል?» አሉ እትዬ ይርገዱ።

«አይመለስም። በእርስዎም በእኔም ዕድሜ አይመለስም።»

«እንግዲያ ምን በልቼ ልኑር?» አሉ። ይህን ያሉት በቁጣ ሳይሆን በርግጥ ማወቅ ፈልገው ነበር፤ አልጋነሽን የባሰ ያቃጠላትም ይኸው ነው። አለቀሰች። አክስቷም ነጠላቸውን አውልቀው ሰጧትና «ተናፈጪ» አሏት፣ ቁጣቸው ግን አልበረደም።

ከማሳው ባሻገር የቀበሌው መቃብር ይታያል። አልጋነሽ እንባዋን እየጠረገች ወደዚያ ስታይ፣ በአገሩ ሁሉ ሣሩ የሚለመልመው መቃብር ላይ መሆኑ ትዝ አላት። ይህ የሆነበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው። በዚያች አገር ከንጉሡ ትእዛዝ የሚያርፍ ሙት ብቻ ነው። ሙት አይከሰስም፣ አይቀጣም። መቃብሩ በወፍራም ገለባ ይሸፈናል፤ አይታረስም፣ አይቆፈርም፣ እሳት አይነድበትም። ዱቄትም አይበተንበትም፣ ሙት ራሽን አይቀበልምና። ጎረቤት ደግሞ ለነፍሱ ብሎ የወጥ ቤቱን ትራፊ ያፈስበታል። አልጋነሽ ዓመታት ሙሉ ለሕያው አፈር ስትለምን የኖረችውን ሁሉ ሕጉ ለሙት በነጻ ይሰጠው ነበር።

ችግሩ ሞትን የሚመሰክር ሰው ላይ ነው። አንድ ነገር ሞቷል ብሎ በንጉሡ ፊት የማለ ሰው የዚያ ነገር ዋና ሐዘንተኛ ይሆናል፤ ጥቁር ይለብሳል፣ ሟቹን ሕያው እንደሆነ አድርጎ ዳግመኛ ሊያነሣውም ሊመረምረውም አይችልም። ካነሣ ሟቹ ሞቱ ይሰረዝና ፍርዱ ይፈጸምበታል። መነጽሯም፣ ወንፊቷም፣ ዕድሜዋን የጨረሰችበት ዕውቀትም በዚያች ቀን ያበቃሉ ማለት ነው። ከአፈር ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበራትም። ያም ሆኖ ወደ ንጉሡ ሄደች።

«ንጉሥ ሆይ» አለች፣ «የእርጥቤ አፈር ሞቷል።»

«በምን ሞተ? ድስቱ ገና አልደረሰም።»

«በድንጋጤ ነው። ፊትዎን መብላቱን ሲሰማ።»

«ማን ነገረው?»

ሰው ሁሉ ወደ ብላታ ጓንጉል ዞረ። ብላታ ለዚህ ችሎት ተብሎ በቃሬዛ ላይ በተጫነ አፈር ውስጥ እስከ ወገባቸው ተቀብረው ነበር የመጡት። «ክሱን ሳነብለት ይሆናል» አሉ፣ ግማሽ አፍረው ግማሽ ኮርተው። «ድምፄ ከባድ ነው።»

ንጉሡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ደንግጦ ከሞተ እንግዲያ ይወደኝ ነበር።»

«ይወድዎት ነበር» አለች አልጋነሽ። ምላሷ ላይ እሬት የቀመሰች መሰላት።

የመንግሥት ቀብር ታዘዘ። የቀብሩ አስፈጻሚዎች አፈርን ምን ውስጥ እንደሚቀብሩት ሲከራከሩ ሰንብተው፣ ሣጥን የሚሠሩትም የሟቹን ቁመት ሲለኩ ሰንብተው፣ ሟቹ አስቀድሞ የተቀበረ ስለሆነ ሥነ ሥርዓቱ እንደተፈጸመ ይቆጠር ተባለ። ማሳው በገለባ ተሸፈነ። ድስቶቹን የያዙት ወታደሮች መጥተው ተሰልፈው አልቅሰው ተመለሱ። ብላታ ጓንጉል፣ የገዛ ሕዝባቸው ነውና፣ ከሁሉም በላይ አለቀሱ። አልጋነሽም ጥቁር ለበሰች፤ መነጽሯንና ወንፊቷን ዘበኞች በጨርቅ ጠቅልለው ወሰዱባት። ያን ዕለት ያነባችው ለአፈሩ የመሰላቸው ሰዎች አጽናኗት።

እትዬ ይርገዱ የሕጉን መጽሐፍ አያነቡም፣ መቃብር ላይ አበባ መትከል እንደማይከለከል ግን ያውቃሉ። የትኛው አበባ እንደሆነ ሕጉ አልተናገረም። በገለባው መሀል በዱላ እየወጉ ባቄላ ተከሉ። ባቄላውም አበበ፤ ካበበም በኋላ እንደ ባቄላ ወጉ አፈራ። በአገሩ ያን ዓመት እንደዚያ ያለ ባቄላ ያየ አልነበረም። ተቆጣጣሪ ሹም መጥቶ ሲጠይቃቸው «የሟች በረከት ነው» አሉት፣ አንድ ቁና ሰፈሩለትና መርቋቸው ሄደ።

ወሬው ሳይሰማ አልቀረም። የመቀቀሉ ተራ ወደ እነሱ እየመጣ የነበረ ገበሬዎች አልጋነሽን ፍለጋ ይመጡ ጀመር። «እትዬ አልጋነሽ፣ የእኛም አፈር ደኅና አይደለም፣ እባክሽ መጥተሽ ግደዪልን» ይሏታል። እሷም ጥቁሯን ለብሳ በየቀበሌው ዞረች፣ በየጊዜውም ንጉሡ ፊት እየቀረበች መሰከረች። አንዱ አፈር በናፍቆት ሞተ፣ አንዱ በንጉሡ በዓል ብዙ ስቆ ሞተ፣ አንዱ ለኒሻን ታጭቶ ሲቀርበት በቁጭት ሞተ። አገሩ በገለባ በተሸፈኑ መቃብሮች ሞላ፤ ከየመቃብሩ ባቄላ፣ ስንዴ፣ ጎመን ይወጣል። ልጆች ሆዳቸው ሞልቶ ለቅሶ ቤት ይጫወታሉ። አልጋነሽ ግን ከዚያ ሁሉ በታች ምን እየሆነ እንዳለ ለማየት እጇ እየበላት፣ ጎንበስ ማለት ተከልክላ፣ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር።

ኒሻን የተሸለመው የቤተ መንግሥቱ እርሻ ምንም አላበቀለም። በበጋ ነፋስ ሲነፍስ እየተነሣ ወደ ጎረቤት አገር ይሄዳል፤ ሹማምንቱም «ታማኝነታችንን ለውጭ ሊያሳውቅ ነው» ብለው በሽኝት መለከት ይነፉለታል። በዚያ እርሻ ላይ የሚያርሱት ጭሰኞች ግን መለከት አይበሉም። ከነልጆቻቸው ጎድናቸው ተቆጠረ። በመጨረሻ የንጉሡም ገበታ ባዶውን ቀረበና ንጉሡ አልጋነሽን አስጠሩ።

«የእኔ አፈር ለምን አልሞተም?» አሏት። «የማንም አፈር ሞቶ ባቄላ ሲሰጥ የእኔ ብቻ በሕይወት ሆኖ ያስርበኛል? ሄደሽ መስክሪለት።»

ወደ እርሻው ወሰዷት፤ ንጉሡም ዙፋናቸውን ከማሳው ዳር አስተክለው ተቀመጡ። ለዚህ ለአንድ ቀን ብቻ ጎንበስ እንድትል ተፈቀደላት። ዘገነች፤ እንደ አመድ በጣቶቿ መሀል ፈሰሰ። ሽታ የለውም። ውሃ ብታፈስበት ቀልጦ ጭቃ ሆነ። በእጇ ብዙ ቆፈረች፣ አንድ ትል፣ አንድ የሻጋታ ክር፣ አንድ የሚሸሽ ነገር አላገኘችም።

«ሞቷል» አለች። «ንጉሥ ሆይ፣ ይህ በእውነት ሞቷል።»

ጭብጨባው ቤተ መንግሥቱን አናወጠው። ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሥተው «እንግዲህ ባቄላው መቼ ይደርሳል?» አሉ። ብላታ ጓንጉል ወጥ ቤቶቹ ውሃ እንዲጥዱ ላኩ። አልጋነሽ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ሰዎቹ ግን ይህች ሴትዮ ዛሬስ አበዛችው ይባባላሉ።

የንጉሥ ንብረት ሲቀበር የተለየ ሥርዓት ነበረው፤ ከየቀበሌው የሚመጣ ለቀስተኛ ሁሉ ከደጁ እፍኝ አፈር ይዞ መጥቶ ይበትናል። የቀብሩ ዕለት ከቤተ መንግሥቱ በር እስከ ወንዙ ድረስ ሰው ተሰለፈ። ሁሉም እጁን ጨብጧል፣ ሁሉም ፊቱን አጥቁሯል። ከሰልፉ ፊት እትዬ ይርገዱ ቆመዋል።

«ሊቀቅለው ለነበረ ሰው ነው ይህን የምሰጠው?» አሏት በሹክሹክታ። «ውሰጂኝና ልመልሰው ወደ ቤቴ።»

አልጋነሽ ከበሩ ማዶ አየች። ጭሰኞቹ በእርሻው ዳር ከነልጆቻቸው ተደርድረው ቆመዋል፤ ለማልቀስ ታዘው መጥተው ለማልቀስ አቅም ያጡ ነበሩ።

«ለእሳቸው አይደለም፣ እትዬ» አለች።

እትዬ ይርገዱም ወደዚያ አዩ። ብዙ አዩ። «ያ ንጉሥ ደግሞ የሟች በረከት ነው ይለዋል» ብለው አጉረመረሙና ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ተራመዱ።

በሩ ላይ ብላታ ጓንጉል ተቀብረው ይፈትሹ ነበር። ዱላቸውን አጋድመው አስቆሟቸው። «ቆዩ! ወደ ንጉሡ መሬት ያልማለ ነፍስ እንዳይገባ ትእዛዝ አለ። አልጋነሽ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው። በዚህ እፍኝ ውስጥ ማን አለ?»

እትዬ ይርገዱ እጃቸውን ከፈቱ። አፈሩ ጥቁር ነበር፣ ርጥብ ነበር፤ በጣታቸው መሀል አንዲት ቀይ ትል ራሷን ብቅ አድርጋ ብርሃኑን ስታይ ተመልሳ ገባች። ከኋላ ሰልፉ ይጠብቃል። አልጋነሽ ጎንበስ ብላ የምትችለውን ያህል አየች፤ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ እንደማይፈቀድላት ታውቅ ነበርና አልቸኮለችም።

«ማንም የለም፣ ብላታ» አለች። «ይለፉ።»